እስከ ስድስት መቁጠር

ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተምሮ እስከ ስድስት መቁጠር ያቅተዋል ቢባል ማን ያምናል? እሷን ግን አቅቷት ያውቃል። የምትናገረውም ራሷ ናት፤ ያውም ማንም ሳይጠይቃት። ለሥልጠና ወደ ክፍሏ አዲስ ሐኪም ሲመጣ፣ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ቁም ሳጥን ቁልፍ፣ ምሳ የት እንደሚበላ ከመንገሯ በፊት ወንበር ስባ ትቀመጥና፣ «እኔ እስከ ስድስት መቁጠር አቅቶኝ የልጅ ጀርባ ያለ ቦታው ከፍቻለሁ» ትለዋለች። አዲሱ ሐኪም ይሳቅ ይዘን ግራ ይገባዋል። ደፈር ያለው ፈገግ ለማለት ይሞክራል፤ ፈገግታው ግን እዚያው ፊቱ ላይ ይደርቃል። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የምትሰጠው ይህን ካየች በኋላ ነው።

ሥራዋ የሕፃናትን አከርካሪ መጠገን ነው። ጀርባቸው ሳይገጥም የተወለዱ የአንድ ቀን ጨቅላዎች፣ ነርቫቸውን እጢ የተጫነባቸው፣ ከፍ ካለ ቦታ የወደቁ፣ ቁመታቸው ድንገት ሲመዘዝ ወገባቸው የሚጣመም ጎረምሶችና ኮረዳዎች ሁሉ ወደ እሷ ይመጣሉ። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታለች። ወረፋ ላይ አምስት ደቂቃ መቆም የማትችል፣ ሊፍት ከዘገየባት አምስት ፎቅ በእግሯ የምትወጣ ቅብጥብጥ ሴት ናት። ሕፃን ከፊቷ በደረቱ ተኝቶ ጀርባው ሲገለጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ስምንት ሰዓት ቆማ «ወይ እግሬን» አትልም። የሚያውቋት ሁሉ ይህ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ ይገርማቸዋል። እሷ ግን የማን የማን ውለታ እንዳለባት አሳምራ ታውቃለች፤ ስታመሰግንም ቁጥብ አይደለችም።

የመጀመሪያው ባለውለታ አባቷ ናቸው። አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት የዕቃ ማጠቢያ ሥር ተንጋለው፣ ውሃው ፊታቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ አራት ልጆች ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። የእሷን ሥራ ግን በወጉ የተረዱት ዘግይተው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ «ለመሆኑ አንቺ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው ምንድን ነው?» አሏት። ከአከርካሪያቸው ሌላ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀምባቸው ሕፃናት፣ ከቆዳቸው ሥር ቀጭን ቱቦ ዘርግታ ውሃውን ወደ ሆዳቸው ስለምታወርድበት ሥራ አስረዳቻቸው። አባትየው አገጫቸውን ይዘው አዳመጡ።

«ቆይ እስቲ፤ ውሃው ተጠራቀመ?»

«አዎ አባባ።»

«መውጫው ስለተደፈነ?»

«አዎ።»

«አንቺ ቱቦ ዘርግተሽ ቁልቁል ለቀቅሽው?»

«ልክ እንደሱ።»

«ታዲያ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም እንዴ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት ያመላለስኩሽ? እዚሁ ቤት አስተምርሽ ነበር እኮ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው «ቧንቧ ሠራተኛ ናት፤ የሕፃናት» ይሉ ነበር። ሆስፒታሏን ሊያዩ በመጡ ጊዜም ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው በቀዶ ጥገናው ክፍል በር አጠገብ ባለው የእጅ መታጠቢያ ላይ ነው። በክርን የሚከፈተው ቧንቧ ወራት ሙሉ ሲያንጠባጥብ፣ ለጥገና ክፍሉም ደብዳቤ ሲጻፍለት ከርሟል። አባትየው ከኮታቸው ኪስ መፍቻ አወጡ። አስተዳደሩ ጉዱን እስኪሰማ ሥራው አልቆ፣ እሳቸው እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። ያን ቀን ልጃቸው በአባቷ የኮራችውን ያህል በራሷ ኮርታ አታውቅም።

ሁለተኛው ባለውለታ ያሠለጠኗት ሐኪም ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋሼ ቁጡ ነበሩ፤ መቀስ ከወደቀ ክፍሉ ውስጥ መግቢያ ይጠፋል። ተማሪ ሲያስተምሩ ግን እጃቸው ይለሰልሳል። የራሳቸውን እጅ በእሷ እጅ ላይ አድርገው፣ መሰርሰሪያው አጥንቱን ሊጨርስ ሲቃረብ የሚለወጠውን ድምፅ ያሰሟት ነበር። አንድ ቀን ሥራው መሐል ቀና ብትል የጋሼ እጅ የለም። መቼ እንዳነሱት አላወቀችም። ክፍሉ ጥግ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ስለ እግር ኳስ ያወራሉ። በሕይወቷ ከተሰጧት ነገሮች ሁሉ የዚያን ያህል የከበዳትም ደስ ያሰኛትም የለም።

ሦስተኛዋ ሲስተር ናቸው፤ ቀዶ ጥገናው ላይ መሣሪያ የሚያቀብሉት አንጋፋ ነርስ። በሌሉበት ሁሉም «ቆጣሪዋ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሻሹን፣ መርፌውን፣ መቆንጠጫውን ይቆጥራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ እንደገና ይቆጥራሉ። አንዲት ሻሽ ከጎደለች ማንም ቢቆጣ፣ ማንም ቢለምን ቁስል አይዘጋም። እንግዲህ ነገሩ የተፈጠረው እነዚህ ሁሉ ከኋላዋ ቆመው ሳለ ነው፤ ስለዚህ «ሰው አጥቼ ነው» ማለት አትችልም።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከቆመችበት ቀን ጀምሮ መዝለል እንጂ መሄድ ስለማታውቅ እናቷ ፌንጣ ትላታለች። እናትየዋ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየች የምትናገር። ፌንጣ መዝለል ያቆመችው በአንድ ወር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ሰለቻት፤ ቀጥሎ ቀኝ እግሯን መጎተት ጀመረች። ስትመረመር ወገቧ ላይ፣ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ፣ ሽምብራ የምታህል እጢ ነርቮቹን ተጭና ተገኘች። ክፉ ዓይነት አይደለችም። ካልወጣች ግን ልጅቷን ከእግሯ ታስቀራታለች።

የሰው የወገብ አጥንት አምስት ነው። ምርመራውን ያነበበው ሐኪም ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ፣ «እጢዋ ያለችው ከሦስተኛው አጥንት ሥር ነው» ብሎ ጻፈ። እሷ ደግሞ የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ በራጅ እያየች፣ እንደለመደችው ከዳሌ አጥንት ተነስታ ወደ ላይ ቆጠረች። አምስት ነገር ከላይም ተቆጠረ ከታች፣ ሦስተኛው ያው መሐለኛው ነው፤ የማያምን የእጁን ጣቶች ቆጥሮ ማየት ይችላል። ፌንጣ ግን ለጥቂት ሰዎች ብቻ እንደሚያጋጥመው የተወለደችው ከስድስት የወገብ አጥንት ጋር ነበር። ከስድስት ነገር ደግሞ ከታች ሦስተኛው ከላይ አራተኛ ነው። እሱም በትክክል ቆጠረ፣ እሷም በትክክል ቆጠረች፤ ከሁለት ትክክል አንድ ስህተት ተወለደ። እንዲህ ያለው ጉድ የሚደርሰው በዚህ ሥራ ባሉ ሰዎች ላይ ብቻ ነው።

የአጥንቱን የኋላ ክዳን ቦርቡራ አነሳች። ከሥሩ የጠበቀችው እጢ የለም። ነርቮቹ ንጹሕ ናቸው፤ ምንም አልነካቸውም። ክው አለች። ሲስተር መቆንጠጫውን እንደያዙ ለአፍታ አዩዋትና ቀስ ብለው፣ «ዶክተር፣ እስቲ ከላይ እንቁጠር» አሏት። ራጁ ተደገመ። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ጀምረው ሁለቱም ጮክ ብለው ቆጠሩ። አምስት ላይ መቆም የነበረበት ቁጥር ስድስት ደረሰ።

አንድ አጥንት ከፍ ብላ ከፈተች፤ እጢዋን አገኘቻት፣ ከሥሯ መንቅራም አወጣቻት። ነገር ግን አንድ አጥንት ብቻ መከፈት ሲገባው፣ አሁን በፌንጣ ወገብ ላይ ሁለት ጎረቤታም አጥንቶች ክዳናቸውን አጥተዋል። ለአዋቂ ቢሆን ብዙም አያሰጋም። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ያሰጋል፤ ቁመቷ እየጨመረ ሲሄድ፣ ከኋላ የሚይዘው የጎደለበት ወገብ ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። ላያዘነብልም ይችላል። ይህ የሚታወቀው እድገቷን ስትጨርስ ነው፤ ያ ደግሞ ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል።

ጋሼ ነገሩን ሰምተው ቢሮዋ መጡ። «ጠባሳው እንደሆነ ያው አንድ ጠባሳ ነው» አሉ። «እጢዋ ወጥታለች፣ ልጅቱም ትሄዳለች። እናትየዋን ምን ብለሽ ታስጨንቂያታለሽ? ዝም ብለሽ እየተከታተልሽ ታያታለሽ፣ በቃ።» ክፋት አስበው አይደለም፤ በእሳቸው ዘመን ለበሽተኛ ማዘን ማለት እንደዚያ ነበር። እሷ ምክሩን ሰማች፣ ነገሩ ግን አልዋጥልሽ አላት። ፊቷ ምስጢር መያዝ የማይችል ሴት ናት፤ ባሏ ካርታ ሲጫወቱ ገና ካርዷን ስታነሳ ምን እንደደረሳት ያውቅባታል። «ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ለውሸት የሚሆን ፊት ስለሌለኝ ነው የነገርኳት» ትላለች እስከ ዛሬ። ይህን የሚያምናት ግን የለም።

ለቤተሰብ መንገሪያ የተመደበችው ጠባብ ክፍል ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት። እናትየዋ የሹፌር ሸሚዟን እንደለበሰች፣ ቁልፎቿን በእጇ ጨብጣ ቆማ ጠበቀቻት።

«እጢዋ ወጥታለች። ፌንጣ ትሄዳለች» አለች ሐኪሟ። እናትየዋ እንባዋ ቅርር ሲል ግን፣ «ቆይ፣ አልጨረስኩም። መጀመሪያ የከፈትኩት ያልሆነ ቦታ ነው። ቆጠራ ተሳስቼ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ፣ ስለ ስድስተኛው አጥንት፣ ስለ ሁለቱ ክዳኖች አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

እናትየዋ ሐኪሟ እስክትጨርስ ጠበቀች። «እርስዎ ሐኪም አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት መቁጠር ያቅትሻል?»

በዚያች ቅጽበት አንቱታው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም።

«ጀርባዋስ ምን ይሆናል?»

«አላውቅም። ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሊጣመምም ይችላል። አድጋ እስክትጨርስ በየስድስት ወሩ መታየት አለባት።»

«አንቺ ልታያት?»

«እኔ ወይም ሌላ ሐኪም። እኔ ባያት ግን ደስ ይለኛል።»

«ደስታሽን ለራስሽ ያዢው!» አለችና እናትየዋ በሩን ድው አድርጋው ወጣች።

ሐኪሟ ስህተቱን በመዝገቡ ላይ በራሷ እጅ ጻፈች። ያን ሳምንት ምግብ አልወረደላትም። ሰኞ ጠዋት ግን፣ የሚቀጥለው ሕፃን ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ፣ ሲስተር ከኪሳቸው ሁለት ቁራጭ ወረቀት አወጡ። «አንዱ ሰው ከላይ ይቆጥራል፣ አንዱ ከታች። አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ይጻፍ፤ ወረቀቶቹ ካልተስማሙ ቢላ አላቀብልም» አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ለቀዶ ጥገናው ክፍል «ምርጫ ጣቢያ» የሚል ስም ወጣለት፤ ወረቀት አጥፎ የሚያስረክብ ሁሉ «ድምፅ ሰጥቻለሁ» ይል ጀመር። ጋሼ ምክራቸው ባለመሰማቱ ሁለት ሳምንት ኩርፊያቸውን ይዘው ዞር ዞር አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሳይጠሩ ገቡና፣ «ለኔም ወረቀት ስጡኝ» አሉ። እሷ ጭምብሏ ውስጥ አለቀሰች፤ ጭምብል ለዚህም ይጠቅማል።

ስድስተኛው ወር ደረሰ። በቀጠሮው ቀን ፌንጣ አልመጣችም። ሐኪሟ ሰበብ እየፈለገች አሥር ጊዜ ወደ መጠበቂያው ወጣች። በማግስቱም፣ በሳልስቱም የለችም። በዘጠነኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ኮሪደሩ ላይ ቧ ቧ የሚል ድምፅ ሰማች። ፌንጣ በአንድ እግሯ እየዘለለች፣ ወለሉ ላይ ጥቁሩን ንጣፍ እያለፈች ነጩን ብቻ እየረገጠች ትመጣለች። እናቷ ሸሚዟን እንደለበሰች ከኋላ ትከተላለች።

«ቀኑን ረስቼው አይደለም» አለች እናትየዋ። «አንቺን ማየት ስላልፈለግኩ ነው።»

«እሺ።»

«ዛሬም አልፈለግኩም።»

«እሺ።»

«ልጅቷን እያት።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በየስድስት ወሩ ፌንጣ ትመጣለች፤ ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ ቁመቷ ይለካል፣ ራጅ ትነሳለች። በየስድስት ወሩ ራጁ መብራቱ ላይ ሲሰቀል ሐኪሟ ትንፋሿን ትይዛለች። ቀጥ ያለ ነው። አሁንም ቀጥ ያለ ነው። እናትየዋ በሦስተኛው ዓመት ደረቷ ላይ አጣምራው የነበረውን ክንዷን ፈታች፤ በአራተኛው ዓመት ስለ አዲሱ አለቃዋና ስለ አውቶቡሱ ፍሬን ማማረር ጀመረች። «ይቅር ብዬሻለሁ» የምትል ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ግን ራሷ ትጠይቃለች።

ፌንጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ቁመቷ ተመዘዘ። በዓመት ውስጥ ሱሪዋ ሁሉ ቁርጭምጭሚቷን ጥሎ ወጣ፤ ወገቧም ወደ ግራ ዘመም አለ። ጥመቱ መጀመሪያ አሥራ አራት ዲግሪ ነበር። ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ታዘዘላት፤ በትምህርት ቤት «ኤሊ» እየተባለች ለበሰችው። ሃያ ሰባት ሆነ። በቀጣዩ ራጅ አርባ ስድስት ደረሰ። ከዚህ በኋላ ካልታሰረ ሳንባዋን መጫኑ አይቀርም። በስህተት በተከፈተው አጥንት ምክንያት ይሁን፣ ወይስ ትክክለኛው ብቻ ቢከፈትም ይመጣ የነበረ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እሷም ይህንኑ ለእናትየዋ ነገረቻት፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም ብላ፣ «እኔ ግን የኔ ነው ብዬ ነው የምይዘው» አለቻት።

መፍትሔው ብረት ነው። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ዘንግ አስገብቶ፣ በብሎን አስሮ፣ ጀርባውን አቅንቶ መያዝ። ይህን ሥራ ሐኪሟ ለብዙ ልጆች ሠርታዋለች። ለፌንጣ ግን እጇ ፈራ። ነርቮቹ አጠገብ ብሎን መትከል ነው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ልጅቷ ከእንግዲህ ላትዘል፣ ላትሄድም ትችላለች። ስለዚህ አራት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ወደሚሠራ፣ ከዚህ ሥራ ሌላ ወደማይነካ ስመ ጥር ሐኪም ላከቻቸው። የድሮ ስህተቷን ሳትደብቅ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈችለት።

ሲስተር ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ለልጅቱ ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«ፈሪ» አሏት፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ የቢሮዋ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። እናትየዋ ገባች፤ ደብዳቤው የነበረበትን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

«ሄድን» አለች። «ጥሩ ሰው ነው። ቢሮው ያምራል፤ የሚጠጣ ውሃ ሁሉ ሰጠን። ፌንጣን በደንብ አያት፣ ሁሉንም ነገር አስረዳኝ። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ አለኝ አልኩት።»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽው?»

«ተሳስተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«በዚህ ሥራ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም አለኝ። ልጄን ይዤ ተነሳሁ፤ መጣን።»

ሐኪሟ ፖስታውን ወደ እናትየዋ ገፋ አደረገችው። «እውነቱን ሊሆን ይችላል እኮ። በጣም ጎበዝ ሰው ነው።»

«ይሁና! እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሦስት ጊዜ ተጋጭቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወርጄ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። አንድም ቀን ተጋጭቼ አላውቅም የሚል ሹፌር ሲመጣ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? የተፋቀውን አውቶቡስ የት እንደደበቀው ፈልጉ ነው የሚባለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ ትተኛለች፣ ትሸፈናለች፣ በሩ ይዘጋል። እዚያ ውስጥ የሚሆነውን እኔ አላየውም። ወጥቶ የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው። አንቺ ነግረሽኛል። ያን ቀን ልገድልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ነግረሽኛል።»

ሐኪሟን እንባ ቀደማት። አንገቷን ደፍታ በመዳፏ ጠረገችው።

«አታልቅሺ» አለች እናትየዋ፤ «ዓይንሽን ለሥራ እፈልገዋለሁ።»

ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። ሲስተር ከታች ቆጠሩ፣ ወጣቷ ሠልጣኝ ሐኪም ከላይ ቆጠረች፤ ወረቀቶቹ ተስማሙ። ሐኪሟ እጇን አየችው። አይንቀጠቀጥም። ይህን ያህል ሰው አምኖባት፣ ተሳስታ ሳለ እንደገና አምኖባት፣ እጇ ምን ቆርጦት ይንቀጠቀጣል? በዚያች ደቂቃ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን ምስጋና ነበር። አሥራ አራት ብሎን፣ ሁለት ዘንግ፣ ሰባት ሰዓት። ጠማማው ወገብ ቀስ በቀስ፣ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ቀና። በመጨረሻ ሲስተር ሻሻቸውን ቆጥረው «ሙሉ ነው» አሉ፤ ቁስሉ ተዘጋ። ፌንጣ ከማደንዘዣው ስትነቃ ሐኪሟ የእግሯ ሥር ቆማ፣ «ጣቶችሽን አንቀሳቅሺልኝ» አለቻት። የቀኙም የግራውም አሥሩም ጣቶች ተንቀሳቀሱ።

እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ወንበር አልነካችም፤ ቦርሳዋ ብቻዋን አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ጣቶቿን ሁሉ አንቀሳቅሳለች» አለች ሐኪሟ። «ጀርባዋ ቀንቷል።»

እናትየዋ እልል አላለችም፣ አላለቀሰችም። ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ዛሬስ ምን ተሳሳትሽ?»

ሐኪሟ ለመመለስ አልተቻኮለችም፤ የሰባቱን ሰዓት ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቧ ሄደችበት። «አንድ ብሎን» አለች። «በግራ በኩል፣ ከላይ አራተኛው። መጀመሪያ ሳስገባው ወደ ውጭ ዘመም ብሎብኝ ነበር። በራጅ አየሁት፤ አውጥቼ አስተካክዬ መልሼ አስገባሁት።»

«የነካው ነገር አለ?»

«ምንም የነካው የለም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እንግዲህ አሁን ልጄ መዳኗን አመንኩ» አለችና እናትየዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ባዶውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችላት። ሐኪሟ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አመሰግናለሁ» አለች ሐኪሟ።

«አንቺ? ለምኑ?»

«ስለጠየቅሽኝ።»